የኢሜይል መመዝገቢያ ፎርሙ ከላይ፣ ከጎን ወይስ ከታች?

ከደሴ የመጣ ጥያቄ ነው፦ «ስለ ወሎ ጉዞና በዓላት የምጽፍበት ዌብሳይት አለኝ። ግሸን፣ ላሊበላ፣ ሐይቅ፣ ጀማ ንጉሥ፣ የባቲ ገበያ፣ ሁሉንም በአማርኛም በእንግሊዝኛም እጽፋለሁ። ሰው ይገባል፣ ያነባል፣ ይወጣል። ኢሜይሉን ትቶልኝ የሚሄድ ግን የለም ማለት ይቻላል። መመዝገቢያው ፎርም በቀኝ በኩል ጎን ላይ ነው ያለው። ገጹ ሲከፈትም ፖፕአፕ (ጽሑፉ ላይ ብቅ የሚል መስኮት) ይመጣል። ዌብሳይቱን የሠራልኝ ልጅ ‹አናቱ ላይ እናድርገው፣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው› ይለኛል። እኔ ደግሞ መልኩን እንዳያበላሽብኝ ፈራሁ። የት ላድርገው?»

አናቱ ላይ አታድርገው። ምክንያቱ ግን መልኩ አይደለም። ልጁ አንድ ነገር አምታቷል፤ ሰው ያየውን ፎርም ሁሉ የሚሞላ መስሎታል። አናቱ ላይ ያለ ፎርም ይታያል፣ እውነት ነው። የሚያየው ሰው ግን ገና አያውቅህም። ጽሑፍህን አላነበበም። የመጣውም ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ግሸን ለመሄድ መኪና እስከየት እንደሚያደርስ ሊያይ፣ ወይም ላሊበላ ላይ ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ ይኖርበት እንደሆነ ሊያጣራ ነው የገባው። ያን ሳያገኝ «ኢሜይልህን ስጠኝ» ስትለው ዓይኑ ፎርሙን ዘሎት ይወርዳል። አንዴ መዝለል ከለመደ ደግሞ ታች ያስቀመጥከውን ሌላ ፎርምም አያየውም።

ስለዚህ «ከላይ ወይስ ከታች» የሚለውን ተወው። መጠየቅ ያለብህ ሌላ ነው፦ አንባቢዬ የመጣበትን መልስ የሚያገኘው የቱ ጋ ነው? ያ መልስስ ነገ ይለወጣል ወይ? ፎርሙ የሚቀመጠው መልሱ ከተገኘ በኋላ ወዲያው፣ ያውም መልሱ የሚለወጥ ከሆነ ነው። ሰው ኢሜይሉን የሚሰጠው «ይህ ነገር ሲለወጥ ማን ይነግረኛል?» ብሎ ባሰበባት ቅጽበት ነው። ያቺ ቅጽበት በየገጹ ቦታዋ ይለያያል። አንድ ፎርም ለሁሉም ገጽ አንድ ቦታ ላይ መለጠፍ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ወደዚህ ከመሄዳችን በፊት ግን አሁን ያለውን ፎርምህን እንየው።

ስልክህን አውጣ። ዋይፋዩን አጥፋና በዳታ የራስህን የግሸን ገጽ ክፈት። ኮምፒውተር ላይ አይደለም፣ ስልክ ላይ። የጎን ዓምድ ያለው የተለመደ ዲዛይን ከሆነ የምታየው ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ትልቁ ፎቶ፣ ከዚያ ርዕሱ፣ ከዚያ ጽሑፉ አውራ ጣትህ እስኪሰለች ድረስ። ጽሑፉ ሲያልቅ የፌስቡክና የቴሌግራም ማጋሪያ ምልክቶች ይመጣሉ። ቀጥሎ «ተዛማጅ ጽሑፎች» የሚሉ ፎቶዎች ይደረደራሉ። ከዚያ የአስተያየት መስጫው። ከዚያ የመፈለጊያ ሳጥን፣ ከዚያ የድሮ ጽሑፎች በየወሩ የተዘረዘሩበት። ከዚህ ሁሉ ሥር ነው ያ «በቀኝ በኩል ያለው» ፎርምህ የተደበቀው። ስልክ ላይ ቀኝ የሚባል ነገር የለም። ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ ዲዛይኑ የጎኑን ዓምድ ቆርጦ ከሥር ይቀጥለዋል። አንባቢዎችህ አብዛኞቹ በስልክ የሚገቡ ከሆነ፣ እኛ አገር ደግሞ እንደዚያ ነው፣ ፎርምህን የጠላው የለም። ያየው ነው የሌለው።

በኮምፒውተር የሚገቡትም ቢሆኑ ለጎን ዓምድ ብዙ ቦታ አይሰጡም። የዌብሳይት አጠቃቀም አጥኚው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 የሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ ሲያጠና፣ አንባቢ ገጹን የላይኛውን መስመርና የግራውን ጠርዝ እየተከተለ እንደሚቃኝ አሳይቷል። አማርኛም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ነገሩ ለእኛም የራቀ አይደለም። በዚያ ላይ ሰው ለዓመታት በቀኝ በኩል ያየው ማስታወቂያ ስለሆነ፣ እዚያ ያለውን ነገር ሁሉ ማስታወቂያ ነው ብሎ ማለፍ ለምዷል።

ፖፕአፑን ደግሞ ዛሬውኑ አጥፋው። ወሎ ውስጥ እንግዳ በር ላይ አቁሞ ስም የሚመዘግብ ቤት የለም፤ መጀመሪያ «ግቡ» ነው፣ ከዚያ ቡናው ይቀርባል፣ የየት አገር ሰው ነህ የሚባለው ከዚያ ወዲያ ነው። ገና ሲከፈት ብቅ የሚል ፖፕአፕ ይህን ይገለብጠዋል። ጉዳቱ የስሜት ብቻም አይደለም። ጉግል ከጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ከፍለጋ የመጣን የስልክ አንባቢ ጽሑፉን በሚሸፍን ነገር የሚቀበሉ ገጾችን በፍለጋ ደረጃ ወደ ኋላ ሊያወርድ እንደሚችል አስታውቋል። ስለዚህ ኢሜይል ልትሰበስብበት ያስቀመጥከው ነገር አንባቢውን ራሱ ሊያሳጣህ ይችላል። ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ይብሳል። ጽሑፉ ቀድሞ ይመጣል፣ ፖፕአፑ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ልክ ሰውዬው ማንበብ ሲጀምር ፊቱ ላይ ድቅን ይላል። መዝጊያዋ ምልክት በትንሽ ስክሪን ላይ ከጠርዝ ወጥታ ካልታየችው ያለው አማራጭ አንድ ነው፣ ገጹን ጥሎ መውጣት።

«ሊወጣ ሲል የሚመጣውስ?» ትለኝ ይሆናል። ያ ዓይነቱ በኮምፒውተር ላይ ማውዙ ወደ ላይ ሲሸሽ አይቶ ነው የሚነሳው። ስልክ ላይ ማውዝ የለም። ስለዚህ በግምት ነው የሚሠራው፣ ወደ ላይ ቶሎ ስክሮል ያደረገውን ሁሉ ሊወጣ ነው ብሎ ይገምታል፤ ሰውዬው ግን የመኪናውን ዋጋ ደግሞ ሊያነብ ሊሆን ይችላል። የግድ የሚንሳፈፍ ነገር ካስፈለገህ ከስክሪኑ ግርጌ የምትወጣ ቀጭን መስመር አድርጋት፤ የጽሑፉ ግማሽ ከተነበበ በኋላ ትምጣ፣ አንዴ የዘጋት ሰው ደግሞ ለወራት አይያት። እኔ ግን ያለሷ እንድትጀምር ነው የምመክርህ።

አሁን ወደ ትክክለኛው ቦታ እንምጣ። ካሉህ ገጾች እንነሳ።

የገናን ገጽ ውሰድ። ሰው ላሊበላ ለመሄድ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀኑን ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይውላል፤ 2016 ላይ እንደሆነው። ይህን ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በአንዱ በግልጽ ጻፈው፤ አታንዛዛው፣ መልሱን ከፎርሙ ጀርባ አትደብቀው። ቀጥለህ ስለ ማደሪያውና ስለ መንገዱ ዘንድሮ የምታውቀውን ጻፍ። ልክ ያ አንቀጽ ሲያልቅ ፎርሙን አስገባ፦ «በዓሉ ከመድረሱ በፊት የመንገዱንና የማደሪያውን ሁኔታ በኢሜይል እንላክልዎ»። አንባቢው በጥቅምት ነው ያነበበው፣ የሚሄደው በታኅሣሥ ነው። በመካከል ብዙ ነገር እንደሚለዋወጥ እሱም ያውቃል። ለዚህ ነው የሚመዘገበው። ያው ፎርም ሁለት አንቀጽ ከፍ ብሎ ቢሆን፣ ስለ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ በምታወራበት መሀል፣ እንቅፋት ነው የሚሆነው።

ግሸንም እንዲሁ ነው። መስከረም 21 ቀኑ አይለወጥም፣ የመንገዱና የትራንስፖርቱ ነገር ግን በየዓመቱ አዲስ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መንገድ ተበላሽቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ፎርሙ ስለ አቀበቱና ስለ መኪናው ከጻፍክበት አንቀጽ ሥር ይግባ። ስለ ግማደ መስቀሉ ከሚተርከው ክፍል ሥር አይደለም። ያንን የሚያነብ ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ነው፣ ተወው ያንብብ።

ካሉህ ገጾች ሁሉ ለኢሜይል ምዝገባ የሚመቸው ደግሞ አንተ ያላሰብከው ይመስለኛል፤ የጀማ ንጉሥ መውሊድ ገጽ። መውሊድ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። ቀኑን በደንብ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው፤ ከአዲስ አበባም ከውጭም የሚመጣው ግን በየዓመቱ መጠየቁ አይቀርም። «የዘንድሮው ቀን ሲታወቅ ኢሜይል እናደርግልዎታለን» የሚል አንድ መስመርና አንዲት ሳጥን እዚያ ገጽ ላይ ከቀኑ ሥር ወዲያው አስቀምጥ። ይህ ብቻ ከላይ ከጠቀስኩት ሁሉ የተሻለ ሊሠራልህ ይችላል፣ ምክንያቱም የምትገባው ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገባ ነው፣ የሚፈጸምበት ጊዜም ግልጽ ነው።

የባቲ ገበያ ገጽ ላይ ግን ፎርም ባታስገባ ይሻላል። ገበያው ሰኞ ነው። የዛሬ ዓመትም ሰኞ ነው። አንባቢው አወቀ፣ ጨረሰ፣ ሄደ። የሚጠብቀው አዲስ ነገር ስለሌለ ኢሜይሉን የሚሰጥበት ምክንያት የለውም። ከዚያ ይልቅ ስለ ደሴና ኮምቦልቻ ማደሪያዎች ወደጻፍከው ገጽ ሊንክ ስጠውና ጉዞውን እዚያ ይቀጥል፣ ፎርሙን እዚያ ያገኘዋል። ሐይቅ እስጢፋኖስም ያው ነው። ገዳሙ ውስጥ ሴቶች እንደማይገቡ አስቀድሞ መንገር ትልቅ ውለታ ነው፣ ግን የማይለወጥ መረጃ ነው። እዚያ ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ አንድ ፎርም ይበቃል።

መጨረሻ ስል የጽሑፉን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ተከትሎ ማለቴ ነው እንጂ የገጹን ግርጌ አይደለም። በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት አለ። የጽሑፉ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ጥቂት ነው፣ ግን እስከ ዳር ያነበበህ ነው። ከማጋሪያ ምልክቶቹና ከተዛማጅ ጽሑፎቹ በፊት ፎርሙን ያግኘው። እነዚያ ከቀደሙ ይወስዱብሃል። የገጹ ግርጌ ላይ ያለችውን ትንሿን ፎርም ደግሞ አትንካት፤ «የት ነው የምመዘገበው?» ብሎ የሚፈልግ ሰው እዚያ መፈለግ ለምዷል። ብዙ ነገር ግን አትጠብቅባት።

አናት ላይ መሆን ያለበት ፎርም አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ለምዝገባ ብቻ በሠራኸው ለብቻው በቆመ ገጽ ላይ። ይህን ገጽ የግድ ሥራው። አንድ ፎቶ፣ ምን እንደምትልክና መቼ መቼ እንደምትልክ የሚናገሩ ጥቂት መስመሮች፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ ቁልፍ። ሌላ ሊንክ አይኑርበት። ቴሌግራም ቻናልህ ላይ የምትለጥፈው፣ ላሊበላና ደሴ ያሉ ማደሪያዎች ከፈቀዱልህም በኪውአር ኮድ አትመህ ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጠው የዚህን ገጽ አድራሻ ነው። እዚህ የሚመጣ ሰው ለመመዝገብ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አታስጠብቀው።

ስለ ፎርሙ ራሱ ብዙ አልልም። ኢሜይል ብቻ ጠይቅ። ስም፣ ስልክ፣ አገር ምን ያደርግልሃል? በስልክ ኪቦርድ ሲጻፍ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳጥን ሰው ያስቀርብሃል። ሳጥኑ የኢሜይል ሳጥን ተብሎ መሠራቱን ልጁን ጠይቀው፤ እንደዚያ ከሆነ ስልኩ የኢሜይል ምልክቱ ያለበትን ኪቦርድ በራሱ ያወጣል። የሳጥኑ ፊደል ከ16 ፒክስል ካነሰ አይፎን ላይ ሰውዬው ሲነካው ገጹ በራሱ ይጎላና ቁልፉ ከስክሪን ይወጣል፤ ይህን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። ቁልፉ ላይ «ላክ» ከማለት «የመንገዱን መረጃ ላኩልኝ» ማለት ይሻላል። ማረጋገጫ ኢሜይልም ይላክ፤ ተመዝጋቢው ሊንኩን ነክቶ ካላረጋገጠ ዝርዝርህ ውስጥ አይግባ። «ዶት ኮም» ለማለት «ዶት ኮን» የሚጽፈው ብዙ ነው፣ የተበላሸ አድራሻ ላይ ደጋግሞ መላክ ደግሞ ስምህን በጂሜይል ዘንድ ያጠፋዋል። ከተመዘገበ በኋላ በሚመጣው ገጽ ላይ «ኢሜይል ልከንልዎታል፣ ካላዩት ስፓም ውስጥ ይፈልጉት» ብለህ ጻፍ።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልንገርህ። ቦታውን ብታስተካክልም በአማርኛ ገጾችህ ላይ ኢሜይል የተወሰነ ነገር ነው የሚያመጣልህ። እኛ አገር ብዙ ሰው ጂሜይል ያለው ስልኩ መተግበሪያ ለማውረድ ስለጠየቀው ነው እንጂ ደብዳቤ ሊያነብበት አይደለም። ሰዉ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። አብሽር፣ ይህ ሥራህን ዋጋ አያሳጣውም፣ ግን ሁለቱን ለይተህ አስቀምጥ። የእንግሊዝኛ ገጾችህን የሚያነበው ቱሪስትና ውጭ የተወለደው የዲያስፖራ ልጅ ኢሜይሉን በየቀኑ ይከፍታል፣ እዚያ ኢሜይል ብቻ አድርግ። በአማርኛ ገጾች ላይ ቴሌግራሙ ዋናው ይሁን፣ ኢሜይሉ ከሥሩ በትንሽ መስመር ይከተል። ሁለቱን እኩል ጎን ለጎን አትደርድራቸው፤ ምርጫ የበዛበት ሰው ሁለቱንም ትቶ ነው የሚሄደው።

«ታዲያ ቴሌግራም ብቻ ለምን አይበቃኝም?» ካልከኝ፣ ቻናሉ ያንተ ስላልሆነ ነው። የተከታዮችህን አድራሻ ይዘህ መውጣት አትችልም። አካውንትህ አንድ ቀን ቢጠለፍ ወይም ቢዘጋ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። የኢሜይል ዝርዝር ግን አውርደህ የምትይዘው ፋይል ነው፤ የምትልክበትን አገልግሎት ብትቀይር አብሮህ ይሄዳል።

ፋይሉ ያንተ ነው ማለት እንዳሻህ ታደርገዋለህ ማለት አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ አውሮፓ ያሉ አንባቢዎችህን በሚመለከት ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ከግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በአስተያየት መስጫው ሥር «ኢሜይል ይድረሰኝ» የሚል ሳጥን ብታስገባ አስቀድመህ ምልክት አታድርግበት፤ ሰውዬው ራሱ ይንካው። ስልክህ ውስጥ ያሉ አድራሻዎችን፣ ከሆቴል መዝገብ የተገኙ ኢሜይሎችን ዝርዝሩ ውስጥ በፍጹም አታስገባ። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጅምላ ለሚልኩ ሰዎች ደንባቸውን አጥብቀዋል፤ ጂሜይል «ይህ ስፓም ነው» የሚሉት ሰዎች ድርሻ 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይፈልጋል። ሳይጠየቁ የተመዘገቡ ጥቂት ሰዎች ናቸው ይህን የሚያደርሱብህ። ከኢሜይሉ መውጫው ሊንክም በግልጽ ይታይ።

ለውጡ መሥራቱን እንዴት ታውቃለህ? ለእያንዳንዱ ፎርም የተለየ ስም ስጠው፣ «ግሸን መካከል»፣ «ገና መካከል»፣ «መውሊድ»፣ «መጨረሻ» እያልክ፤ የምትጠቀምበት አገልግሎት ማን በየትኛው እንደገባ ይመዘግብልሃል። የቁልፉን ቀለም እየቀያየርክ ማነጻጸር ውስጥ ግን አትግባ፤ ለዚያ የሚበቃ አንባቢ ገና የለህም፣ የምታየው ልዩነት አጋጣሚ ነው የሚሆነው። ወሩንም ተጠንቀቅ። የነሐሴና የጳጉሜን አንባቢ ለግሸን የሚዘጋጅ ነው፣ የመጋቢት አንባቢ ሌላ ነው። ፎርሙን በሐምሌ ቀይረህ በመስከረም ቁጥሩ ቢያድግ ያሳደገው በዓሉ ሊሆን ይችላል። መስከረምን ከመስከረም ጋር አነጻጽር፣ ወይም በገቡት ሰዎች ልክ ስንቱ ተመዘገበ ብለህ አስላ። ኢሜይሉን ስንት ሰው ከፈተው በሚለው ቁጥርም አትመካ፤ አፕል ከመስከረም 2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደብዳቤውን ሰውዬው ሳያየውም የተከፈተ እንዲመስል አድርጎታል። ሊንክ የነካውን ቁጠር።

እንግዲህ ልጁን ጠርተህ በዚህ ቅደም ተከተል አሠራው። መጀመሪያ ፖፕአፑ ይጥፋ። ፎርሙ ከጎን ዓምድ ይውጣ። ከዚያ በሁለቱም ቋንቋ የግሸን፣ የገናና የመውሊድ ገጾች ላይ፣ የሚለወጠው መረጃ የተጻፈበት አንቀጽ ሥር፣ ለየገጹ የሚሆን የራሱን ቃል ይዞ ይግባ። በቀሩት ላይ የጽሑፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሥር አንድ አንድ፤ ባቲን ተወው። ለምዝገባ ብቻ የሚሆነው ገጽ ቀጥሎ ይሠራ። ሁሉንም በስልክ፣ በዳታ፣ በራስህ ጣት ሞልተህ ሞክረው፤ ማረጋገጫ ኢሜይሉ የት እንደገባም እይ። የመውሊዱን ቀን እነግርሃለሁ ብለህ ያስመዘገብከውን ሰው ደግሞ ቀኑ እንደታወቀ ጻፍለት፣ ሌላ ነገር ሳትጨምርበት።